በእጅ የማይገቡ ዶሮዎች

ጋሽ ቀስበቀስ ጓሯቸው ዶሮ የሞላ ሰው ነበሩ፤ ዶሮ ከቀመሱ ግን ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩ ለሰሚ ግራ ነው። ጓሮው በግንብ የታጠረ፣ በሩ አንድ፣ ውስጡ ዶሮ የሚርመሰመስበት ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ ዶሮ ሲያምራቸው ምራቃቸውን ከመዋጥ ያለፈ ምንም ማድረግ አይችሉም። የእንቁላሉማ ወሬ አይነሳ።

ቀስበቀስ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ የተሳፋሪ ስጦታ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ማንንም ቀድመው አያውቁም። ብስክሌት ሳይቀር አልፏቸው ይሄዳል። ከኋላ የሚሮጥ ሰው በመስታወት ካዩ ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፉ ቆመው ይጠብቁታል። የቸኮለ ተሳፋሪ ሲያጉረመርም ዞር ይሉና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉታል። ተረቱን ከመደጋገማቸው የተነሳ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ቀደም ብለው ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የግድግዳ ሰዓት ሊሸልሟቸው አስበው ነበር። በኋላ ግን ለዚህ ሰውዬ ሰዓት ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ ተነሳ። መልስ ስላልተገኘለት እያንዳንዱ ሹፌርና ትኬት ቆራጭ ከየቤቱ አንዳንድ ዶሮ ይዞ መጣ። ታዲያ አንዱ ሌላውን አይመስልም ነበር። መራመድ የሰለቻት ድንቡሽቡሽ ነበረች፤ ቅልጥሟ ረዝሞ ሰው ባየች ቁጥር የምትበረግግ ነበረች፤ ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጥ አውራ ነበረ፤ አፍ ያለው የማይመስል ዝምተኛ አውራም ነበረ። አንዲት ቡናማ ዶሮ ደግሞ በመጣች ማግሥት ጋሽ ቀስበቀስ ጫማ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ተገኘች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው እንቁላሉን ጠብሰው በሉት። ቡናማዋ ሰው የማትፈራ፣ እግር ሥር እግር ሥር የምትል ስለነበረች፣ ሳምንት ሳይሞላ እሷንም በሏት።

ጡረታ የወጣ ወንድ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። ወጥ ቤት ሲገቡ መንገድ ዘጋህ ይባላሉ፤ ሳሎን ሲቀመጡ ልጥረግበት እግርህን አንሳ ይባላሉ። ጓሮው ግን የጋሽ ቀስበቀስ ግዛት ነበር። በርጩማቸውን አውጥተው፣ እህል የያዘውን ጣሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ፣ እንደገና መሪ የጨበጡ ያህል ይሰማቸዋል። ያን ጓሮ ይወዱት ነበር።

ግዛት ደግሞ ያለ ሕግ አይሆንም። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጡት ባለቤታቸው ሲስተር ናቸው። ሲስተር የሆስፒታል ነርስ ሆነው አዳር ስለሚሠሩ እንቅልፋቸው ቀን ነው፤ ሲስተር የሚሏቸውም ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ሰፈሩም፣ ባላቸውም ጭምር ነው። እሳቸው ተኝተው የጮኸ አውራ ዶሮ የዚያኑ ሳምንት ድስት ይገባል፤ ይግባኝ የለውም። ሁለተኛው ሕግ፣ ዶሮዎቹ እንዲጥሉበት በተሠራው የእንቁላል መጣያ ሣጥን ውስጥ የተገኘ እንቁላል ሁሉ ይበላል። ሦስተኛው የጋሽ ቀስበቀስ የጉልበት ጉዳይ ነው። ዶሮ ማሯሯጥ ስለማይችሉ በርጩማው ላይ ሆነው እህል ይበትኑና እጃቸው የደረሰበትን ይይዛሉ። ቅርብ ያለው የኔ ነው የሚል መመሪያ ነበራቸው፤ ከዚህ የቀለለ አረባብ ዓለም አላየም ብለውም ይኩራሩ ነበር።

እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ። ከውጭ አንድም ዶሮ አልገባም፤ እዚያው ይፈለፈላሉ፣ እዚያው ያድጋሉ፣ እዚያው ይበላሉ። ቀስ በቀስ ግን ጓሮው ሌላ ጓሮ ሆነ።

አውራዎቹ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ጎህ ሲቀድ ግንቡ ላይ ይወጣሉ፣ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው መልሰው ይዘጉታል። ሴቶቹ ደግሞ የበሩ መቀርቀሪያ ገና ሲነካ ከመሬት ወደ ውሃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ ዛፉ ጫፍ ይበራሉ። ዶሮ እንዲህ እንደሚበር ጋሽ ቀስበቀስ ሰምተውም አያውቁ። እህሉ የሚበተነው ጓሮ ስለሆነ ጥለው አይሄዱም፤ ጣሳው ተደፍቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ወርደው ይለቅማሉ። የጎረቤት ድመት አንድ ቀን ዕድሏን ልትሞክር ገብታ፣ ዛፉን ስታይ ውላ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እንቁላሉም በእርግጥ በእግሩ ሄዷል፤ ችግሩ ሄዶ የት እንደገባ አለመታወቁ ነው። የመጣያው ሣጥን ባዶውን ሸረሪት ያደራበታል፤ ከቆርቆሮው ክምር ጀርባና ከአሮጌው ፍራሽ ሆድ ውስጥ ግን ጫጩት እየተፈለፈለ ይወጣል። ጫጩቱም ገና ላባው ሳይደርቅ ጋሽ ቀስበቀስን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል።

ይህን ሁሉ ለሲስተር መንገር ሞት መሰላቸው። የግዛታቸው ነገር ነውና ደበቁ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ወርደው እንቁላል ይገዛሉ፣ ጭድና ጭቃ ነካ ነካ ያደርጉትና፣ «ዛሬም ጥለዋል» እያሉ ወጥ ቤት ይገባሉ። ሲስተር ለረጅም ጊዜ ሲበሉ ኖሩ። አንድ ጠዋት ግን አንዱን እንቁላል አነሱና ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ቅርፊቱ ላይ በቀይ ቀለም የተመታ የእርሻ ድርጅት ማኅተም ብቅ አለ።

«ዶሮዎችህ መጻፍ የተማሩት መቼ ነው?» አሉ ሲስተር።

ጋሽ ቀስበቀስ መልስ አልሰጡም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው፤ ሲስተር ግን ከዝምተኛ በሽተኛ እውነት ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ያን ዕለት ሁሉንም አስወጧቸው። ሰምተው ሲያበቁ ፍርዳቸው አጭር ነበር። እሑድ የሲስተር ታላቅ እህት ከባላቸው ጋር ለምሳ ይመጣሉ። ከዚህ ጓሮ የወጣ ዶሮ ለዚያ ምሳ ካልደረሰ ዶሮዎቹ ይለቀቃሉ፣ ጓሮውም ለጎረቤቱ መካኒክ የተበላሸ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። መካኒኩ ሲለምናቸው ቆይቷል። የማይበላ፣ የማይጥል፣ የማይጮህ ዶሮ እህል እየፈጀ ስለምን ይቀመጣል ሲሉ የጠየቁት ጥያቄ ለጋሽ ቀስበቀስ ስለ ዶሮ ብቻ የተጠየቀ አልመሰላቸውም። 

ያን ሳምንት የሆኑትን የሰፈሩ ልጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል። መጀመሪያ የተቀደደ የጎል መረብ ለምነው አምጥተው ወረወሩ፤ ራሳቸው ተጠቅልለውበት የመካኒኩ ሠራተኞች ፈቷቸው። ቀጥሎ ዶሮዎቹ መልኬን ስላወቁት ነው ብለው የሲስተርን አሮጌ ነጭ ጋውን ለበሱ፣ ኮፍያውንም ደፉ፣ ድምፃቸውንም አቅጥነው ጠሯቸው። ዶሮዎቹ ዛፉ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩዋቸው። በዚህ መሃል አንዲት ቄብ ኮፍያቸው ላይ የዛፍ ላይ ሥራዋን ሠራችባቸው።

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸውን አስጠሩ። ልጃቸው የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በርጩማውን ለእሷ ለቀው፣ በሹክሹክታ፣ ዶሮዎቹ እንዳይሰሟቸው እየተጠነቀቁ፣ የደረሱበትን አስረዷት። ዶሮዎቹ ተምረዋል። እናቶቹ ዛፍ ላይ ሆነው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፤ ያንን አንካሳ ሽማግሌ ስታዩ ብረሩ ይሏቸዋል። አውራዎቹም መክረው አፋቸውን ዘግተዋል። አድማ ነው።

ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ግን የጥንቶቹን ዶሮዎች መልክና ጠባይ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፣ ማን መቼ እንደተበላም ጠየቀቻቸው። እሳቸው የድንቡሽቡሿን፣ የጯሂውን፣ የቡናማዋን ነገር ሲያወጉ እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

«አባዬ፣ አንድም ዶሮ አልተማረም» አለች በመጨረሻ። «ፈሪዋ ስትፈለፈልም ፈሪ ነበረች። አንተ ደፋሯን በላሃት፣ ፈሪዋ ወለደች። ልጅ ደግሞ እናትና አባቱን ነው የሚመስለው። ከልጆቿም መሃል ዘገየት ያለችውን በላሃት፣ የፈጠነችው ወለደች። እንዲህ እንዲህ እያልክ እዚህ ደረስክ።»

«ታዲያ ማን አሠለጠናቸው?»

«ማንም። ድስቱ ነው የመረጣቸው።»

ጋሽ ቀስበቀስ ጣሳቸውን እንዳቀፉ ቀሩ። ነገሩ አሁን እንደ አውቶቡስ መስመር ጥርት ብሎ ታያቸው። የጮኸው አውራ ልጅ ሳይተካ እየሞተ፣ ዝምተኛው ዘሩን ሲያበዛ ኖሯል። ሣጥን ውስጥ የጣለችው ዶሮ ልጆቿ በመጥበሻ ሲያልቁ፣ ፍራሽ ውስጥ የደበቀችው ልጆቿን አሳድጋለች፤ እነሱም በተራቸው መደበቅ ያውቁበታል። አንድም ዶሮ ጠባዩን ሳይለውጥ ጓሮው በሙሉ ተለወጠ። ለካ አሥር ዓመት ሙሉ መሪውን የያዙት እሳቸው ሆነው መንገዱን አላዩም ነበር። ከሁሉም ቡናማዋ አንጀታቸውን በላቻቸው። እንቁላሏንም እሷንም ስለበሉ ከዘሯ የቀረ የለም።

መድኃኒቱን ሲጠይቋት፣ ከእንግዲህ የምትሮጠውን ብላ፣ የምትቀርብህን ተዋት አለቻቸው። ጋሽ ቀስበቀስ ቀና ብለው ዛፉን አዩ። የምትሮጠዋንማ መያዝ ብችል ኖሮ አንቺን ምን አስጠራኝ አሏት። እንግዲያው ከውጭ አዲስ ዘር አስገባ፣ ካለው ጋር ይዳቀል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለወጣል አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከውጭ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን የጋሽ ቀስበቀስ ዓይን የበራው ስለ ዘር አስበው አልነበረም። ነገ እሑድ ነው። ወዲያው ገበያ ወርደው አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ገዝተው ተመለሱ። ከትልቅ እርሻ የመጣ፣ በሺህ ዶሮ መሃል ያደገ፣ ማንም አሯሩጦት የማያውቅ ግዙፍ ዶሮ ነው። ሻጩ እንደ ዱቄት ከረጢት አንስቶ ሲያስታቅፋቸው ዶሮው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ጓሮው ውስጥ ሲለቁት ሌሎቹ ግር ብለው ዛፍ ላይ ወጡ። ነጩ የሸሹትን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ከዚያ ለምን እንደሚደከም ስላልገባው በርጩማው ዘንድ መጥቶ የጋሽ ቀስበቀስ እግር ላይ ቁጭ አለ።

እሳቸው ደነገጡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አልሸሸም። እህል ዘገኑለት፤ ከመዳፋቸው በላ። በልቶ ሲያበቃ ጭናቸው ላይ ወጥቶ እንቅልፉን ለጠጠ። ጋሽ ቀስበቀስ ጉልበታቸው እየጠዘጠዛቸው፣ ዶሮው እንዳይነቃባቸው ብለው፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። በዚያ ጓሮ ወዶ የቀረባቸው ፍጥረት ካዩ ስንት ዘመናቸው።

እሑድ ጠዋት ሲስተር ከአዳር ተመልሰው ገና ጋደም እንዳሉ ነጩ ግንቡ ላይ ወጥቶ ጮኸ። አጯጯሁ የመኪና ጥሩምባ ያስንቃል። ጋሽ ቀስበቀስ ክው አሉ። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ተገለጠ፤ ሲስተር ዶሮውን አዩት፣ ባላቸውን አዩ፣ ምንም ሳይናገሩ መጋረጃውን መለሱት።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ታላቅየዋና ባላቸው ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ባልየው ጡረታ የወጡ የስፖርት አሠልጣኝ ናቸው፤ ደረታቸው አሁንም ከሆዳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። ወጥ ቤት ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፣ ውሃው ፈልቷል፣ የቀረው ዶሮው ብቻ ነው። ጋሽ ቀስበቀስ ቢላ ይዘው ጓሮ ወጡ። ነጩ እየተንገዳገደ ሮጦ መጣና እግራቸው ላይ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ከዚያ ቢላውን ኪሳቸው ከተው ባዶ እጃቸውን ወደ ሳሎን ተመለሱና ዶሮዎቹ ዛሬ ትንሽ አስቸጋሪ ሆነዋል አሉ።

አሠልጣኙ ሳቁ። ዕድሜዬን ሰው ሳሯሩጥ የኖርኩ ዶሮ ያቅተኛል ወይ ብለው ኮታቸውን አውልቀው ጓሮ ገቡ። የሆነውን ሁሉም በመስኮት ተመለከተ። አሠልጣኙ እንደ ግብ ጠባቂ እግራቸውን ከፍተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። ዶሮዎቹ ከታንከሩ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ቆርቆሮው ሲበሩ እሳቸው ወደ ግራ ይወረወራሉ፣ ወደ ቀኝ ይወረወራሉ። አንዷ መላጣቸውን መረማመጃ አድርጋ አለፈች። በመጨረሻ አንዱን ዝምተኛ አውራ ጅራቱን ጨበጥኩ ብለው ሲወረወሩ ላባው እጃቸው ላይ ቀረ፣ እሳቸው ልብስ የተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ ተቀመጡ። ሲወጡ የሚለበስ ደረቅ ነገር ሲፈለግ የተገኘው የሲስተር ነጭ ጋውን ነበር። አሠልጣኙ ጋውኑን ለብሰው ሳሎን ገብተው ሲቀመጡ ማንም ማንንም ማየት አልቻለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ክፍት ነበር። ነጩ ዶሮ ቀስ እያለ ገብቶ፣ የእንግዶቹን ጫማ አልፎ፣ ጋሽ ቀስበቀስ እግር ላይ ቁጭ አለ።

ታላቅየዋ ይኸውላችሁ ዶሮ፣ ምን ያስሮጣችኋል አሉ። አሠልጣኙ የጋውናቸውን ቁልፍ እየቆለፉ የሚያስገድል ዓይናቸውን ዶሮው ላይ ጣሉ። ሲስተር ግን ባላቸውን ነው የሚያዩት።

«አላርደውም» አሉ ጋሽ ቀስበቀስ። «ደግሞ የኛ ዶሮ አይደለም፤ ትናንት ገዝቼው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የቀረበኝን ሁሉ ስበላ ኖሬ፣ ዛፍ ላይ ያሉት የማያምኑኝ ብቻ ቀሩ። ይሄንንም ከበላሁ እዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከፈለግሽ ለመካኒኩ ስጪው።»

ቀድመው አፋቸውን የከፈቱት ታላቅየዋ ናቸው። እኔ ያኔም ነግሬሽ ነበር አሉ እህታቸውን፤ ስንት ቀልጣፋ፣ ስንት ፈጣን ሰው ደጅ ሲጠናሽ፣ ዶሮ መያዝ የማይችል ሰው አገባሽ።

«ገዝቶ እንዳመጣው ጠዋት ሲጮህ ነው ያወቅኩት» አሉ ሲስተር ሳይቆጡ። «እሱ ካረባቸው የሚጮህ ከየት ይመጣል? ፈጣኖቹን ግን ተያቸው። ያኔ ከሥራ ወጥቼ እየሮጥኩ ስመጣ አውቶቡሱ ሁሉ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። ይሄ ሰውዬ ብቻ በመስታወት አይቶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተሳፋሪው እየሰደበው ይጠብቀኛል። ታዲያ የሚሮጠውን ማን ይይዘዋል? እኔም እንደሱ እጄ የደረሰበትን ያዝኩ። ይኸው እስካሁን አልበላሁትም።»

ጋሽ ቀስበቀስ አንገታቸውን ደፍተው የዶሮውን ጀርባ ማሻሸት ያዙ። ዓይናቸው ውስጥ ሽንኩርት የገባ ይመስል ነበር። ምሳው ድንች ሆነ። አሠልጣኙ ሱሪያቸውን ከገመድ ሊያወርዱ በጋውኑ ጓሮ ሲወጡ፣ ዶሮዎቹ ጋውኑን ከነትዝታው አውቀውት ነው መሰል ተከታትለው አባረሯቸው። ስለ መካኒኩ ከዚያ ወዲያ የተነሳ ነገር የለም። ሲስተር ሲተኙ ጆሯቸው ላይ ጥጥ መወተፍ ጀመሩ።

ዓመት ሳይሞላ ጓሮው ውስጥ ነጭ ነጭ ያለባቸው ጫጩቶች ታዩ። ከአንድ ፍራሽ የወጡ ወንድማማቾች ሆነው አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንዱ ገና ሳያድግ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ አንዱ መንገድ ላይ ቆሞ ያመነታል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ መጥቶ የበርጩማው እግር ሥር ይተኛል። አንድ ወጣት አውራ ደግሞ ግንቡ ላይ አፉን ከፍቶ የአባቱን ግማሽ ያህል ጮኸ፤ ራሱም ደንግጦ ወደቀ። ጋሽ ቀስበቀስ አዲስ ሕግ አውጥተዋል፤ የቀረበ አይበላም። የራቀው ደግሞ ስለማይያዝ አይበላም። ስለዚህ በዚያ ቤት ዶሮ የሚበላ ሰው እንደጠፋ ነው።

አንድ ማለዳ ጫማቸውን ሊያጠልቁ እግራቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነገር ነካቸው። እግራቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ጎንበስ ብለው አዩ። አንድ እንቁላል ነው፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ነጭ ያለባት ቄብ ቆማ፣ ጫማውን የምትለቁልኝ መቼ ነው በሚል ዓይን ታያቸዋለች። ጋሽ ቀስበቀስ እንቁላሉን አልነኩትም። ጭድ ፈልገው ጫማው ውስጥ ጎዝጉዘውላት፣ ሲስተር እንዳይጠርጉት በሩ ላይ ወንበር አቁመው፣ ለቁርስ የሚሆን እንቁላል ሊገዙ በሲስተር ነጠላ ጫማ ወደ ሱቅ ወረዱ። ማኅተም ያለበትን።